ቀይ ሥር ከዳቦው በኋላ

ባለቤቴን ምግብ የከዳት በጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ሕክምናውን ከጀመረች ብዙም ሳትቆይ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ጸጉር ይረግፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ድካም ይኖራል፣ የምግብ ጣዕምም ይለወጣል ብሎ አንድ በአንድ አስረድቶናል። ስለ ጸጉሩ አዝነን፣ ስለ ማቅለሽለሹ ተጨንቀን ወደ ቤታችን ተመለስን። የመጨረሻውን ግን ሁለታችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው አፉ ቢመር ምን ይደንቃል?

አንድ ቀን ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩላት። ሁለት ጊዜ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች።

"ምነው? ጨው በዛ?" አልኳት።

"ጨው አይደለም። ሚስማር የነከስኩ ነው የሚመስለኝ" አለች። "ሽሮውም ሚስማር፣ እንጀራውም ሚስማር። አሁን የጠጣሁት ውሃ ራሱ ሚስማር ሚስማር ይላል።"

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አቃቂ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት ስቀርጽ የቆምኩ ሰው ነኝ። የብረትን ጣዕም አውቀዋለሁ። ብናኙ ከንፈር ላይ ይቀመጣል፤ ፊትህን ታጥበህ፣ ቤትህ ገብተህ እራት ስትጎርስ እንኳ ከጥርስህ ሥር ይመጣል። ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ።

"አንተ ዕድሜህን ሙሉ የበላኸውን እኔ ዛሬ ጀመርኩት በለኛ" አለች።

የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ቃሊቲ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ፊደል ስታስቆጥር ነው ዕድሜዋ የሄደው። ልጅ አልወለድንም፤ ግን አብረን መንገድ ከወጣን "ቲቸር" ብሎ የሚያስቆማት አይጠፋም። የታክሲ ሹፌሩ፣ የሞባይል ጠጋኙ፣ የማረሚያ ቤቱ ጠባቂ ሳይቀር። እሷም ሁሉንም ታስታውሳለች። ጢሙን ያሳደገ ሰውዬ ሰላም ብሏት እስኪያልፍ ጠብቃ፣ "ይሄ እርሳስ የሚበላው ነው" ትለኛለች።

ያቺ ሴት በአንድ ወር ውስጥ ልብሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። ያልሞከርነው ነገር የለም። አጃ አፈላሁ፣ በሶ በጠበጥኩ፣ ጎረቤት አትሚት አመጣ። ሁሉንም ለአመል ያህል ቀምሳ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ታስቀምጠዋለች። ሲብስባት ደግሞ ሽታውም ያስጠላት ጀመር። ሽንኩርት ሲቁላላ ከሸተታት ደጅ ትወጣለች። እኔም ምድጃውን አውጥቼ ከግቢው በር አጠገብ መሥራት ጀመርኩ።

ኅዳር ሊገባ ሲል አንድ ማለዳ ወደ ሆስፒታል ልንሄድ ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ታክሲ እንጠብቃለን። ብርዱ ያን ሰሞን ክፉ ነበር፤ ሜዳው ላይ ውርጭ ያድር ነበር። እሷ በሁለት ነጠላ ላይ የእኔን ካፖርት ደርባ ብሎኬት ላይ ተቀምጣለች። ከኋላችን ያላለቀ ሕንፃ አለ። የሕንፃው ዘበኛ፣ አንድ ሽበት ያለው ሰው፣ የእንጨት ቁርጥራጭ አንድዶ ይሞቃል። ከአመዱ ውስጥ የሆነ ነገር በጭራሮ ጎትቶ አወጣና ልጣጩን ይልጥ ጀመር።

ባለቤቴ አንገቷን አዞረች። "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለችኝ።

አስጠልቷት መስሎኝ ላስነሳት እጇን ያዝኳት። "እንራቅ?"

"አይ፣ ምንድን ነው ነው ያልኩህ።"

ዘበኛው ሰማት። "ስኳር ድንች ነው እናቴ። ይቅመሱ፣ ይሞቅዎታል" አለና ግማሹን በካርቶን ቁራጭ አድርጎ አመጣላት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ ጫፉን ነከሰች። እኔ ሚስማሩ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ፊት ፊቷን አያለሁ። እሷ ግን ዝም ብላ በላች። የጠቆረውን፣ ከረሜላ የመሰለውን ጠርዝ ሳይቀር በላች። ታክሲ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ጠራን፤ በእጄ እለፍ አልኩት።

"ይሄ ሚስማር አይልም" አለችኝ ስትጨርስ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። "እሳቱ መሰለኝ። እሳት በደንብ ስለነካው።"

በዚያው ቀን ነርሷን ጠየቅኳት። አትክልት በእሳት መጠበሱ ጣፋጭነቱን ያወጣዋል፣ ከተስማማት ይሥሩላት አለችኝ። "ቅጠልም ያስፈልጋታል፤ ግን ጥሬ ሰላጣ እንዳያበሏት። በሽታ የሚከላከለው ደሟ ዝቅ ብሏል። ቅጠሉን የፈላ ውሃ ይንካው።" ይህን እያሰላሰልኩ ወደ ቤት መጣሁ።

ከሰል ላይ ሞከርኩት። ካሮቱና ዱባው ላያቸው አረረ፤ ውስጣቸው እንደ ድንጋይ ቀረ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አንዱን በሹካ ወጋችና ወደ እኔ አነሳችው።

"ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ። ተማሪዬ ብትሆን አስደግምህ ነበር።"

"ምድጃው ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ?"

"ምድጃው አይደለም፣ አቆራረጥህ ነው። አንዱ አውራ ጣት ያህላል፣ አንዱ ጡጫ። እኩል ካልሆነ እንዴት እኩል ይበስላል? ደግሞ የዚህ መፍትሔው ፈርኖ ነው።"

ፈርኖ የለንም። ያለው ዳቦ ቤቱ ነው፤ ከቤታችን ወረድ ብሎ ጥግ ላይ ያለው። በማግስቱ ሄጄ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ወገቡ ሰፊ፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት የሆነ ጎልማሳ፣ እያፈርኩ ጠየቅኩት።

"አንድ ትሪ አትክልት ታስገባልኛለህ?"

"አትክልት? የምን አትክልት ጋሼ?"

"ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ዱባ።"

ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ለሆቴል ነው?"

"ለባለቤቴ ነው። ታማለች። ሌላ ነገር አልበላላት ብሎ ነው።"

"ቲቸር?" አለ። እጁን በሽርጡ ጠረገ። "እኔ ማስተማር ለቀቁ እንጂ ታመሙ አላሉኝም። ሁለቱንም ልጆቼን ሀ ሁ ያስቆጠሩልኝ እሳቸው እኮ ናቸው።" ወደ ምድጃው ዞር ብሎ አየና፣ "ዳቦው ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። ያን ጊዜ ያምጡት። በየቀኑም ቢሆን ያምጡት" አለኝ።

ከማይዝግ ላሜራ ለምድጃው አፍ ልክ የሚሆን ትሪ አጠፍኩ። ሥራው አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ፤ ከጡረታ ወዲህ እንደዚያ ቀን እጄ ደስ ብሎት አያውቅም።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ጠዋት አቃቂ በሰቃ ሰፈር ወርጄ ጎመን እገዛለሁ። የምገዛው በጓሯቸው በጉድጓድ ውሃ ከሚያበቅሉ አንዲት እናት ነበር፤ ፍሳሽ የሚጠጣውን የወንዝ ዳር ጎመን ለበሽተኛ አላምነውም። "አካም ጂርቱ" እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ኦሮምኛ ስለማላውቅ የቀረውን በአማርኛ እንጨርሰዋለን። ለስለስ ያለውን፣ ከመሀል የወጣውን ቅጠል ለይተው ይሰጡኛል።

ከዚያ መቁረጥ ነው። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ እኔ ከፊቷ በርጩማ ላይ። ቀይ ሥሩን ለብቻ አስቀምጣለሁ፣ ሌላውን ሁሉ በቀለሙ እንዳያበላሽ። ዱባው ወፈር፣ ካሮቱ ቀጠን፣ ስኳር ድንቹ በመካከል። ቀይ ሽንኩርቱን አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ነው የማስገባው። ዘይት፣ ጨው፣ በእጄ ያፍተለተልኩት ደረቅ ጦስኝ። እሷ ከላይ ሆና ትቆጣጠራለች። "ያቺኛዋ ወፍራም ናት፣ ድገማት" ትላለች። እደግማለሁ። አንዳንዴ አውቄ አወፍራለሁ፣ እንድትናገረኝ።

ዳቦ ቤቱ ደጅ ዳቦ የሚጠብቁት ሴቶች ሽታው ሲወጣ፣ "ዛሬ ደግሞ የምን ዳቦ ነው የጋገርከው?" ይሉታል። ጋጋሪው ይስቃል። ትሪውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በላዩ ካርቶን ደርቦ፣ እንዳይበርድ ቶሎ ሂዱ ይለኛል።

ቤት ስደርስ ጎመኑን ግንዱን አውጥቼ በቀጭኑ ከትፌ፣ የፈላ ውሃ አስነክቼ እጨምቀዋለሁ። ሎሚና ጨው አድርጌ በጣቶቼ አሸዋለሁ። ውሃ ውስጥ አድሮ የተቀቀለ ሽምብራ እጨምርበታለሁ፣ ጉልበት እንዲሆናት። የተጠበሰውን ነጭ ሽንኩርት ከልጣጩ ስጨምቀው እንደ ሊጥ ይወጣል፤ እሱን ከዘይትና ከሎሚ ጋር አዋህጄ አፈስስበታለሁ። ከላይ የተቆላ ሰሊጥ። ትኩሱ አትክልት ጎመኑ ላይ ሲገለበጥ ጎመኑ ትንሽ ይለዝብና ቀለሙ ይደምቃል።

"ይሄ ምን ይባላል?" አልኳት መጀመሪያ የተሳካልኝ ቀን።

"ሰላጣ ነው እንጂ።"

"ሰላጣ ቀዝቃዛ አይደል እንዴ?"

"ይሄ የብርድ ጊዜ ሰላጣ ነው" አለችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ያን ቀን ጨረሰችው። ባዶውን ሳህን እኔ አነሳሁት።

ታላቅ እህቷ ሳሪስ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጨርቃ ጨርቅ እየነገዱ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያበቁ ብርቱ ሴት ናቸው። ባለቤቴ ከታመመች ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜም በፔርሙስ የአጥንት መረቅ ይዘው። የገና ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው ትሪውን አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የእሷ ምሳ ነው እትዬ" አልኳቸው።

"ቅጠል? እንዲህ አጥንቷ ወጥቶ ቅጠል ነው የምታበላት? መረቁን ስጣት እንጂ። ሰው በሥጋ ነው የሚነሳው።"

"ጾም ነው" አለች ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ።

"ለታመመ ጾም የለበትም። የነፍስ አባትሽ ይንገሩሽ።"

የነፍስ አባታችን በማግስቱ መጡ። መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ እግዚአብሔር አቅምሽን ያውቃል፣ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ አሏት። እሷ እጃቸውን ያዘች።

"አባ፣ እርስዎ ከፈቱልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለቻቸው። "ግን ሥራዬ ሄደ። ጸጉሬ ሄደ። ጉልበቴም ያው እንደሚያዩት ነው። ይቺን ጾም ልያዛት። ሌላ በእጄ የቀረ የለም።"

ቄሱ አቀርቅረው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሲወጡ ደጅ ላይ፣ "የምትበላውን አብላት" አሉኝ፤ "እኔ በሷ ላይ የምጨምረው የለኝም።"

እትዬ ግን አልበረደላቸውም። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ጎመን ሳጥብ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። "ብትሞት አንተ ነህ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በቅጠል የገደልካት አንተ ነህ የምለው።"

እጄ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። እሳቸው የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ ድምፁ ቤት ውስጥ እንዳይሰማ። ገንዳውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት። እያለቀሱ ቅጠሉን አንድ በአንድ ያነሱና ይቀነጥሱ ጀመር። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ ተነጋግረን አናውቅም። መረቁን ግን ማምጣት አልተዉም፤ እያመጡ ማታ ይዘውት ይመለሳሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አለፉ። ያንን ጊዜ አሁን ሳስበው እንደ ደህና ጊዜ ነው የማስበው፤ ደህና ባይሆንም። አንዳንድ ቀን ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን ቀይ ሥሩን ብቻ እየለቀመች ሌላውን ትተወዋለች። ከንፈሯ በቀይ ሥር ቀልቶ ሳያት እንደ ድሮው ሊፕስቲክ የተቀባች ይመስለኛል። አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ስነግራት መስታወት አስመጥታ አየች። ብዙ አየች። ከዚያ መስታወቱን በግንባሩ ደፋችው፤ ሌላ ቀን አልጠየቀችም።

ገና ሲመጣ ጾሙ ተፈታ። እትዬ ዶሮ ሠርተው መጡ፤ ቤቱ በወጥ ሽታ ሞላ። ባለቤቴ ለእህቷ ስትል አንዴ ጎረሰች። አላምጣ አላምጣ፣ ሌላ ሰው ሳያይ በመሐረብ አወጣችውና እኔን አየችኝ። ዳቦ ቤቱ ለበዓል ዝግ ነበር። ያን ቀን ምንም ሳትበላ ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁል ሄደ። ሐኪሙ ሕክምናውን እናቁመው አለ፤ በጥሩ አንደበት ነው ያለው፣ ግን ያው ነው። ቤት ወስደው ይንከባከቧት አለኝ። ጥምቀትን በአልጋዋ ላይ ሆና ነው ያሳለፈችው፤ የሕፃናቱን ዝማሬ ከመንገድ እየሰማች። አትክልቱን እየፈጨሁ በማንኪያ ሰጠኋት። በኋላ እሱም አልወርድ አለ። ውሃ ብቻ ቀረ።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና፣ "ዛሬ ዳቦ ቤቱ ክፍት ነው?" አለችኝ።

"ክፍት ነው።"

"ሰላጣውን ሥራው። ሁሉንም አግባበት፣ ምንም እንዳታጎድል።"

እትዬ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ነበር የሚያድሩት። ተያየን። "ምግብ አሰኛት ማለት እኮ…" አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። እኔ ዘንቢሉን አንስቼ ወጥቻለሁ። እንዴት ወርጄ እንዴት እንደመጣሁ አላስታውስም። ቆርጬ ትሪውን ይዤ ስደርስ ዳቦው ገና አልገባም ነበር፤ ሊጡ ተደርድሮ ይጠብቃል። ጋጋሪው ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቀኝ የእኔን ትሪ አስቀድሞ አስገባው። ሰልፉ ላይ ያለችው ሴት አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። "የቲቸር ነው" አላት። ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

ስመለስ እትዬ በትራስ ደግፈው አስቀምጠዋታል። ራሷ ላይ ንጹሕ ሻሽ አስረውላታል። ሳህኑን አሳምሬ፣ ሰሊጡን በትኜ ፊቷ አቀረብኩ። አየችው። እጇን ግን አላነሳችም።

"አንተ ብላው" አለችኝ።

"ላንቺ እኮ ነው የሠራሁት።"

"አውቃለሁ። እኔ አልችልም። አንተ ብላና ልይህ።"

እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ቶሎ ዋጥኩት።

"ቀስ በል" አለች። "ምን ምን ይላል?"

"ይጣፍጣል።"

"ይጣፍጣል መልስ አይደለም። አስረዳ።"

እኔ ንግግር አላውቅበትም። በትዳራችን ሁሉ ተናጋሪዋ እሷ ነበረች። ሆኖም ጀመርኩ።

"ቀይ ሥሩ መጀመሪያ አፈር አፈር ይላል። ዝናብ የነካው አፈር። ከዚያ ወዲያ ነው ጣፋጩ የሚመጣው።"

"ዱባውስ?"

"ጠርዙ ጠቁሯል። የጠቆረው ትንሽ መረር ይላል፣ መሀሉ ግን ማር ነው። ምላስ ላይ ሳታኝኪው ይጠፋል።"

"ጎመኑ?"

"ሎሚው ገብቶለታል። ጥርስ ላይ ይቆያል፣ ቶሎ አይለቅም።"

"ነጭ ሽንኩርቱ ያቃጥላል?"

"አያቃጥልም። ጉልበቱን እሳት ወስዶታል። ለስልሷል።"

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"አላለቀም" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። እስከ መጨረሻው በላሁት። ሽምብራዋን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጨረስኩት። ሳህኑን መሬት ላይ ሳደርግ፣ "ሚስማር አለው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የለውም።"

"ጎበዝ" አለችኝ፤ ለልጆቹ ትል እንደነበረው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። የሞተችው አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ በመስኮቱ መግባት ስትጀምር ነው። እትዬ እግሯን በሞቀ ውሃ በራሰ ፎጣ ይጠርጉላት ነበር፤ እኔ እጇን ይዣለሁ። ትንፋሿ ረዘም፣ ረዘም አለ። ከዚያ ቀጣዩን ስንጠብቅ አልመጣም። እትዬ ፎጣውን ይዘው እንደጎነበሱ ቀሩ። ለማልቀስም ጊዜ ወሰደብን።

እድሩ ድንኳን ተከለ። የተማሪዎቿ ብዛት የሰፈሩን ሰው አስገረመ። መንገዱን ሞልተው ቆሙ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ የሲኖትራክ ሹፌር ነው አሉኝ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፎ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አየሁት። ዳቦ ጋጋሪው የድንኳኑን ዳቦ ራሱ እያመጣ ያወርድ ነበር፤ ቅንድቡ ያው ዱቄት ነው። እኔ ፊት ሲደርስ ዓይኔን ማየት አቃተው። እኔም እሱን።

ሰው ተበተነ። አርባዋን አወጣን፤ ክረምቱ ገባ፤ ወጣ። እኔ የምበላው ያገኘሁትን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቆሜ ነው የምበላው። ጎመን ግን አልገዛሁም፤ ትሪውንም ከአልጋ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። ዳቦ ስገዛ ወደ ሌላኛው ሱቅ እሄዳለሁ፤ ምክንያቱን ጋጋሪው ያውቃል ብዬ አስባለሁ።

እትዬ እሑድ እሑድ መምጣት አልተዉም። ከቅዳሴ በኋላ ከሳሪስ ታክሲ ይዘው ይመጣሉ፤ ምግብ ያመጣሉ፤ ልብሴን አይተው ይቆጡኛል። የገና ጾም እንደገና በገባበት ሰሞን አንድ እሑድ ሲመጡ ግን በእጃቸው ፔርሙስ አልነበረም። በፌስታል ዱባና ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጎመን ተሸክመዋል።

"አሳየኝ" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ያንን እሷ ትበላ የነበረውን። አንድ ቀንም ቀምሼው አላውቅም። ስታመጣው ፊቴን አዞር ነበር።"

እሳቸው በርጩማው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጠን ቆረጥን። ቁርጥራጫቸው ትላልቅ ነበር፤ ምንም አላልኳቸውም። ጎመኑን የፈላ ውሃ አላስነካሁትም፤ አሁን የሚያስፈራ ነገር የለም። ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ጋጋሪው ትሪውን ተቀበለኝና፣ "ቆዩ እኮ ጋሼ" አለኝ። እሑድ ስለሆነ ሰልፍ አልነበረም፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለታችንም ደጁ ላይ ቆመን መንገዱን አየን።

ጥሩ አልሆነም። ዱባው አልበሰለም፣ ሎሚውን ደግሞ እትዬ አብዝተውታል። ቢሆንም በላን። እሳቸው ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን እየለዩ ነበር የሚበሉት። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ታክሲ ላሳፍራቸው አብሬያቸው ወጣሁ። ንፋሱ አቧራ ያነሳ ነበር፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆሙ።

"ታውቃለህ" አሉኝ፣ "ልጅ ሆና ጎመን አትበላም ነበር። ጭራሽ። እናታችን ስንት ጊዜ ተቆጥታታለች። አፏ ውስጥ ይዛው ውላ ደጅ ወጥታ ትተፋዋለች።"

"አልነገረችኝም" አልኳቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረን ኖረን ያንን አልሰማሁም። እኔ ጋ ስትሆን የቀረበላትን ትበላ ነበር።

"እኔማ በሽታው ጣዕሟን ስለለወጠው ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ስበላው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። አንተ ከማለዳ ጀምሮ ስትወርድ ስትወጣ ታያለች። ስትቆርጥ ታያለች።" ንፋሱን ሸሽተው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "አንተን ደስ ስለሚልህ ነው መሰለኝ የበላችው።"

ያን ባዶ ሳህን ሳነሳ የነበረውን ፊቷን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ደስ ያላት ነበር የምትመስለው፤ ሰላጣው ጥሟት ይሁን እኔን ለማስደሰት ግን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ታክሲው መጣ። ደግፌ አስገባኋቸው፤ ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ቤት ስመለስ ሳህኖቹ ገና አልታጠቡም ነበር። ሳህኑ ላይ የቀረውን ጎመን፣ ቀይ ሥር የነካውን፣ ቆሜ በእጄ እየለቀምኩ በላሁት። ከዚያ ውሃ ቀዳሁና አጠብኳቸው።